የወሰን ደንጊያና የካርታ ወረቀት
በከተማ ስለሚነሣ የቦታ ክርክርና ስለ መፍትሔው

በአዲስ አበባ በልደታ ሰፈር ቤተ ክርስቲያንና ፍርድ ቤት ጎረቤታሞች ናቸው። ማለዳ ኪዳን ደርሶ ሕዝቡ ሲሰናበት በቅጽሩ በር ቆሞ የተመለከተ ሰው፣ ከምእመናኑ መካከል ጥቂት የማይባሉት ከነጠላቸው ሥር የወረቀት ማኅደር ታቅፈው እንደሚወጡ ያያል። እነዚህ የልደታ ለማርያምን ደጅ ተሳልመው ወደ ችሎት የሚሄዱ ባለ ጉዳዮች ናቸው። ስለ ምን እንደሚከራከሩ ሲጠየቁ ብዙዎቹ «የቦታ ነገር ነው፣ አባቴ» ብለው ይመልሳሉ። ባላጋራቸው ማን እንደ ሆነ ሲጠየቁ ግን ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ባላጋራው ብዙ ጊዜ አብሮ ያደገ ወንድም ወይም እኅት ነውና።

ስለ ርስት መከራከር ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። አባቶቻችን «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ሲሉ ኖረዋል። ነገር ግን በገጠር የሚነሣው የወሰን ጠብና በሚያድግ ከተማ የሚነሣው የቦታ ክርክር ጠባያቸው የተለያየ ነው። በገጠር ወሰንን የሚያውቀው ደንጊያው፣ ዛፉ፣ ወንዙና ጎረቤቱ ነው። በከተማ ግን ወሰንን የሚያውቀው ወረቀት ነው። ሕዝባችን ኑሮውን ወደ ከተማ ሲያዛውር ልማዱን ከደንጊያ ወደ ወረቀት ሳያዛውር ቀርቷልና፣ የብዙው ክርክር ሥር ከዚህ ላይ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ እናስረዳለን፤ ካህናትና ሽማግሎችም ምን ሊያደርጉ እንደሚገባቸው እናመለክታለን።

ጠብ ከመብዛት እንደሚመጣ

በኦሪት ዘፍጥረት በ13ኛው ምዕራፍ የአብርሃምና የሎጥ እረኞች እንደ ተጣሉ ተጽፏል። የጠቡ ምክንያት ድኽነት አልነበረም፤ ከብታቸው ስለ በዛ ምድሪቱ ሁለቱን በአንድነት ልትበቃቸው ባለመቻሏ ነው። ከዚህ የምንማረው ጠብ ከክፋት ብቻ ሳይሆን ከመብዛትና ከማደግም እንደሚወለድ ነው። አብርሃም ታላቅ ሲሆን ምርጫውን ለታናሹ ስለ ሰጠ ዝምድናቸው ሳይፈርስ ተለያዩ። በከተሞቻችን መብዛቱ ደርሷል፤ እንደ አብርሃም ያለው ታላቅ ግን በየቤቱ አልተገኘም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ በተቈረቈረች ጊዜ ቦታው ለመኳንንቱና ለሹማምንቱ በየሰፈር ተደለደለ። እያንዳንዱም ሹም በተሰጠው ስፍራ ጭፍራውን፣ አሽከሩንና ዘመዱን አሰፈረ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1907 የከተማውን ቦታ በግል ስለ መያዝ ደንብ ሲወጣ ቦታ በሰነድ የሚያዝና የሚሸጥ ሆነ። በተከታዩም ዘመን ጥቂት ባለ ርስቶች ሰፊውን ቦታ ሲይዙ ብዙው ሕዝብ ተከራይ ሆኖ ኖረ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ ሁሉና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይዝ፣ የመኖሪያ ቤቱም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የተወረሱትም ቤቶች ኪራያቸው አነስተኛ የሆነው ለቀበሌ፣ ከፍ ያለው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ከዚያም በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 80 የሊዝ ሥርዓት ተጀመረ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ፤ በቦታው ላይ የተሠራው ቤት ግን የሠራው ሰው ንብረት መሆኑን አጸና። የሊዙም ሕግ በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 721 እንደ ገና ተሻሻለ።

እንግዲህ በልደታ ተወልዶ ያረጀ አንድ ሰው በዕድሜው ውስጥ የቦታው ሕግ ከሥር መሠረቱ ሲለዋወጥ አይቷል። በሣጥኑ ውስጥም የአባቱ የግዢ ውል፣ የቀበሌ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝና የይዞታ ካርታ ተደራርበው ይገኛሉ። አንዱ ወረቀት ስለ አንዱ የማይመሰክር ሲሆን ሁሉም «የኔ ነው» ለማለት ምክንያት ይሆናሉ።

ክርክሩን የሚያስነሡ አራት ምክንያቶች

አንደኛው የዋጋ መናር ነው። መሬት አይሸጥም ቢባልም የቤት ዋጋ የሚተመነው በቆመበት ስፍራ ነው። ጣራው የሚያፈስ አሮጌ የጭቃ ቤት በመንገድ ዳር ስለ ቆመ ብቻ እጅግ ብዙ ገንዘብ ይጠየቅበታል። ስለዚህ ወንድማማቾች የሚጣሉት ስለ ግድግዳው አይደለም። አባታቸው በሕይወት ሳለ ማንም ያልፈለገው ጓሮ፣ አጠገቡ አስፋልት በወጣ ማግስት የሁሉም ርስት ይሆናል።

ሁለተኛው ያለ ወረቀት የተሰጠ ቃል ነው። አባት ለልጁ «እዚህ ላይ ሥራ» ይለዋል፤ አጎት የእኅቱን ልጅ «እስክትቋቋም ተቀመጥ» ይለዋል፤ ሻጭ ከገዢ ጋር በሠፈር ሰው ፊት ተማምኖ ቤቱን ያስረክባል። ተናጋሪው በሕይወት እስካለ ቃሉ ይጸናል፤ እርሱ ካለፈ በኋላ ግን እያንዳንዱ የሰማውን ሳይሆን የሚጠቅመውን ያስታውሳል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ፊትም እንዲመዘገብ በቁጥር 1723 አዟል። ይህን ባለማወቅ ዕድሜ ልክ ያፈሩትን ገንዘብ የከሰሩ ብዙዎች ናቸው።

ሦስተኛው ሐሰት ነው። አንዱን ቤት ለሁለት ሰው መሸጥ፣ ወካዩ ከሞተ በኋላ በውክልናው መገልገል፣ የሐሰት ካርታና የሐሰት ምስክር ማቅረብ፣ ሹምን በመማለጃ ማጣመም የዚህ ክፍል ናቸው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በ21ኛው ምዕራፍ የናቡቴ የወይን ቦታ የተወሰደው በጦር አይደለም፤ ኤልዛቤል በንጉሡ ስም በጻፈችውና በንጉሡ ማኅተም ባተመችው ደብዳቤ፣ በሁለትም ሐሰተኞች ምስክርነት ነው። ወረቀቱ፣ ማኅተሙና ምስክሩ ሁሉ ተሟልተው ነበር፤ እውነት ብቻ ጐደለች። ስለዚህ ወረቀትን ስናመሰግን ያለ እውነት ወረቀት ምን እንደሚሠራም አንርሳ።

አራተኛው የከተማ ወደ እርሻ መስፋት ነው። በከተማው ዳር የሚኖር አርሶ አደር ማረሻውን የሚያሳርፍበት ስፍራ ሲያጣ ካሳ ይከፈለዋል፤ ገንዘቡ ግን እንደ መሬቱ በየዓመቱ አያፈራም። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከኦሮሚያ ከተሞች ጋር በአንድነት ለማቀድ የተዘጋጀው ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሥቶ፣ የብዙ ሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. መሠረዙ ይታወሳል። በሌላ ወገን ቤት ያጣው ድኻ በሌሊት «ጨረቃ ቤት» ይሠራል፤ በቀንም ይፈርስበታል። ሁለቱም የሚያለቅሱበት መሬት አንድ ነው።

በራሴ የደረሰ ነገር

ከዚህ ላይ የራሴን ስሕተት እናገራለሁ። ነገሩን የሰማሁት በምስጢረ ንስሐ አይደለም፤ በሽምግልና ተቀምጬ ያየሁት ነው። ባለ ጉዳዮቹም እንዳይታወቁ ስማቸውንና ምልክታቸውን ትቻለሁ።

በሰፈራችን አንድ አባት ሚስትና ልጆች ትተው ዐረፉ። ቤቱ በእርሳቸው ስም ነበር። በታመሙ ጊዜ «የጓሮው ቦታ እናቷን ለምትጦረው ልጄ ይሁን» ብለው በቃላቸው ተናገሩ፤ እኔም ከአልጋቸው አጠገብ ነበርሁ። ልጅቱ በዚያ ቃል ተማምና በላቧ ባፈራችው ገንዘብ በጓሮው ሁለት ክፍል ሠራች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታላቅ ወንድሟ «ክፍሎቹ የሁላችን ናቸው» ባለ ጊዜ ጠብ ተነሣ። ሦስት ሽማግሎች ሆነን ተቀመጥን። ወንድምየው በነገሩ አመነ፤ የእናቱን ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ እኛም እንጀራ ቈርሰን፣ ጠላ ቀምሰን፣ መርቀን ተለያየን።

ከመካከላችን አንዱ ሽማግሌ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሓፊ ሆነው ያገለገሉ ሰው ነበሩና «ይህን ነገር በወረቀት ብናሰፍረው» አሉ። እኔ ግን «በእግዚአብሔር ፊት የታረቁትን በወረቀት ማሰር እምነት ማጣት ነው» ብዬ ከለከልሁ። ያን ጊዜ ይህ የጽድቅ ቃል መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ የልደታ አሮጌ መንደር ፈርሶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች እንዲሠሩበት ተወሰነ። ምትክ ቦታውና የቤቱ ግምት የተሰጠው ካርታው በስሙ ለሆነው ሰው ነበረ፤ ካርታውን ግን ወንድምየው ቀደም ብሎ ወደ ስሙ አዙሮታል። ሁለቱ ሽማግሎች ሞተዋል፤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። በችሎት ቀርቤ ያየሁትን መሰከርሁ። ዳኛው «ከዚህ የተጻፈ ነገር አለ ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ።

ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በመካከሉ እናትየው ዐረፉ፤ ለአንዲት እናትም ሁለት ድንኳን ተተከለ። ለቀስተኛው ወደ የትኛው እንደሚገባ ግራ ገብቶት በመንገድ ላይ ቆመ። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ ለልጅቱ እንደ ማንኛውም ልጅ የውርስ ድርሻዋን ሰጣት፤ የአባቷ የቃል ስጦታ ግን በሕግ ፊት ሳይጸና ቀረ። ከዚያ ወዲህ በሽምግልና ስጠራ አስቀድሜ የምጠይቀው ወረቀትና ብዕር መኖሩን ነው።

ነቢዩ ያደረገው

መጻፍ እምነት ማጣት ቢሆን ኖሮ ነቢዩ ኤርምያስ ባልጻፈም ነበር። በትንቢቱ በ32ኛው ምዕራፍ እንደምናነበው፣ ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከባ ሳለች ከአጎቱ ልጅ የዓናቶትን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዛ። የገዛው ከዘመዱ ነው፤ ዘመኑም የጦርነት ነው። እርሱ ግን ውሉን ጻፈ፣ አተመ፣ ምስክሮች አቆመ፣ ለብዙ ዘመንም እንዲቈይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው ባሮክን አዘዘ። ውሉ የተስፋው ምልክት ሆነ እንጂ የጥርጣሬው ምልክት አልሆነም። አብርሃምም ሣራን ለመቅበር የመክፌላን ዋሻ በነጻ ውሰድ ሲባል እሺ አላለም፤ በሕዝቡ ፊት 400 ሰቅል ብር መዝኖ ሰጠ። በዘመድ መካከል የሚጻፍ ጽሑፍ ዝምድናን የሚያፈርስ ሳይሆን የሚጠብቅ አጥር ነው።

መፍትሔው

በመጀመሪያ ስለ ኑዛዜ እንናገር። በቋንቋችን «ኑዛዜ» የሚለው ቃል ኀጢአትን ለመናዘዝም፣ ንብረትን ለመናዘዝም ይነገራል። የንስሐ አባት ከታማሚ አልጋ አጠገብ ሲቀመጥ ሁለቱም ኑዛዜዎች በአንድ ስፍራ ይገናኛሉ። ስለዚህ ካህን የሕጉን ነገር በመጠኑ ማወቅ ይገባዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቃል የሚደረግ ኑዛዜ የሚጸናው ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚት ስለ መወሰንና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ቤት በቃል አይናዘዙትም። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በጽሑፍ ሆኖ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ሊነበብና ወዲያው ሊፈረም ይገባል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። መጻፍ የሚችል ሰው ደግሞ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ፣ ሁሉንም በገዛ እጁ ጽፎ፣ ቀኑን አመልክቶ በየገጹ ሊፈርም ይችላል። እንግዲህ አባት ሆይ፣ የሚሞት ሰው ስለ ቤቱ ሲናገር ሰምተህ «አሜን» ብለህ ብቻ አትውጣ። ይልቁንም ሰውየው በጤናው ሳለ በጾም ወራት፣ በንስሐው ጊዜ «ቤትህን አደላድለሃልን?» ብለህ ጠይቀው። ለራስህ ወይም ለደብርህ የሚተው ነገር ካለበት ግን በምስክርነቱ አትግባ።

ሁለተኛው ዕርቅ ነው። የሀገራችን ሽምግልና ከብዙ ፍርድ የሚሻል ሀብት ነው፤ ፍርድ ርስትን ሲያካፍል ዕርቅ ሰውንም ይመልሳልና። ሕጉም ተከራካሪዎች በስምምነት ክርክራቸውን እንዲጨርሱ ይፈቅዳል፤ ክርክሩ በችሎት ተጀምሮ ሳለ እንኳ ስምምነታቸውን ለፍርድ ቤቱ አቅርበው ሊያስመዘግቡ ይችላሉ። ስለዚህ ዕርቁ ይጻፍ፤ ማን ምን እንደ ወሰደ፣ ወሰኑ ከየት እስከ የት እንደ ሆነ በልክ ይገለጽ፤ ተዋዋዮቹና ምስክሮቹ ይፈርሙ። ቤት ወይም መብት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ከሆነም ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ተሂዶ ይመዝገብ። ከዕርቁ በኋላ የሚቈረሰው እንጀራ ያን ጊዜ ይጣፍጣል።

ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሽማግሎች ሰላም ለማውረድ ሲቸኩሉ ደካማውን «አንቺ ተይው» ማለት ይቀናቸዋል። የሚታዘዘውም ዘወትር መበለቲቱ፣ እኅቲቱ፣ ወይም የሙት ልጁ ነው። በሕግ ወንድና ሴት ልጆች እኩል ወራሾች ናቸው፤ ባልና ሚስት አብረው ያፈሩትን ቤትም አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ ሊሸጠው አይችልም። ኦሪትም የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች በሙሴ ፊት ቆመው የአባታቸውን ርስት በጠየቁ ጊዜ ጥያቄያቸው ቅን መሆኑን መስክራለች። ቅዱስ ጳውሎስ በወንድማማች መካከል ስለሚደረግ ሙግት የገሠጸው ቃል የተበደለውን ዝም ለማሰኘት አይጠቀስ። በወንጌል ወደ ዳኛው እየተመላለሰች ፍርድ የለመነችው መበለት አልተነቀፈችም።

ሦስተኛው ፍርድ ቤት ነው። ዕርቅ ባልተገኘ ጊዜ መብትን በፍርድ መጠየቅ ኀጢአት አይደለም፤ በሐሰት መማል ግን ኀጢአት ነው። የሚከራከርም ሰው ጊዜን ይወቅ፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1000 መሠረት የውርስ ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መያዙን እያወቀ ሦስት ዓመት ዝም ያለ ሰው በይርጋ ሊታገድ ይችላልና። «ነገ ይታረቁ ይሆናል» እያሉ መቈየት ትዕግሥት የሚመስል ጉዳት ነው።

አራተኛው ስለ ልማት የሚነሣ ቦታ ነው። ሕገ መንግሥቱ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ እንዲከፍል ያዛል፤ በግምቱ ቅር የተሰኘ ሰው አቤት የሚልበትን መንገድም ሕግ ሠርቷል። የአቤቱታው ቀን ግን የተቈጠረ ስለ ሆነ ማስታወቂያ የደረሰው ሰው ሳይውል ሳያድር ሕግ የሚያውቅ ሰው ያማክር። ሹማምንቱም የናቡቴን ነገር ያስቡ። አክዓብ በመጀመሪያ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ዋጋውን በገንዘብ ልስጥህ ብሎ ነበር፤ በገበያ ሚዛን ሲታይ አቅራቦቱ መጥፎ አልነበረም። ናቡቴ ያልተስማማው የአባቶቹ ርስት በገንዘብ የማይመዘን ነገር ስላለበት ነው። በልደታም አሮጌው መንደር ሲፈርስ ጣራና ግድግዳው ተገምቷል፤ እድሩን፣ ሰንበቴውን፣ ማኅበሩን፣ በችግር ጊዜ የሚደርሰውን ጎረቤት ግን የገመተ የለም። ከተማ መታደሷ መልካም ነው፤ ሰዎች ሲነሡ ጎረቤት ከጎረቤቱ እንዳይለያይ ማሰብም ከካሳው አንዱ ክፍል ሊሆን ይገባል።

ማጠቃለያ

በሉቃስ ወንጌል በ12ኛው ምዕራፍ አንድ ሰው ወንድሙ ርስቱን እንዲያካፍለው ጌታችንን ለመነ። ጌታም አካፋይ መሆንን ትቶ ስለ መጐምጀት አስተማረ፤ ጐተራውን ሊያሰፋ ሲያስብ በዚያው ሌሊት ነፍሱ የተወሰደችበትንም ባለጸጋ ምሳሌ አድርጎ ተናገረ። ወሰንን የሚገፋው እጅ አስቀድሞ በልብ ውስጥ ተገፍቷልና የካህን የመጀመሪያ ሥራ በዚያ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ልብን እያስተማርን ወረቀቱን አንናቅ። የየደብሩ አስተዳዳሪዎችም የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር፣ የመቃብሩንና የጥምቀተ ባሕሩን ይዞታ በሰነድ አረጋግጠው ይያዙ፤ ለራሷ ካርታ የሌላት ደብር ምእመኖቿን ልትመክር አትችልምና። አባቶቻችን ወሰን የሚያፈርሰውን በኦሪት እንደ ተጻፈው ርጉም ነው ሲሉ፣ ለወሰኑ ደንጊያ ጠባቂ ያቆሙለት ፈሪሃ እግዚአብሔርን ነበር። ዛሬ ደንጊያው ወረቀት ሆኗል፤ ጠባቂው ግን አልተለወጠም። ይህን ያነበበ ሁሉ ወላጆቹ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጎብኝቷቸው፣ በፍቅር ጠይቆ፣ እኅት ወንድሞቹን ሰብስቦ፣ ነገሩን ያስጽፍ፤ የሚወዱትን ሰው በአንድ ድንኳን ለማልቀስ ይበቃ ዘንድ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።